እስከዚህች ሰዓት ያደረሰን አምላክ

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእናንተ ጋር ይሁን።

ድሬዳዋ ለሚኖር ምእመን ሐምሌ 30 እንደ ማንኛውም ቀን የሚያልፍ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የሐምሌው የቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓልም ካለፈ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው፣ በደጋው የጣለው ከባድ ዝናብ ሌሊት በደቻቱ ወንዝ ወርዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ፤ ሺዎችንም ያለ መጠለያ አስቀረ። ደቻቱን ያላየ ሰው ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመገመት ይቸገራል። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነውና፤ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በዚያ ምሽት በዳርቻው የተኙት ሁሉ የነገውን ሥራ እያሰቡ የተኙ ነበሩ።

በእንዲህ ያለው መከራ ፊት ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጣው «እኛንስ አትርፎናል፣ ተመስገን» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሳይመረመር ከተነገረ አደጋ አለበት። የሞተው ወንድማችን በደለኛ፣ የተረፍነው እኛ ግን የተሻልን እንደሆንን በልባችን ሊያስቀምጥ ይችላል። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ እነዚያ ከኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ሁሉ የከፉ በደለኞች እንዳልነበሩ አስረግጦ ከነገረን በኋላ፣ ጣቱን ወደ ሟቾቹ ሳይሆን ወደ ሰሚዎቹ ዘወር አድርጎ «ንስሐ ግቡ» አለ። ስለዚህ በጎረቤት ሐዘን ላይ የቆመ ምስጋና፣ እኔ እስከማምነው ድረስ፣ ክርስቲያናዊ ምስጋና አይደለም።

ታዲያ ምስጋናችን በምን ላይ ይቁም? ቤተ ክርስቲያናችን መልሱን በጸሎተ አኮቴት ታስተምረናለች። ካህኑ እግዚአብሔርን እናመሰግን ዘንድ ሲጋብዘን ስለ ሀብት ወይም ስለ ሹመት አያነሣም፤ ጠብቆናልና፣ ረድቶናልና፣ ወደ እርሱም አቅርቦናልና፣ «እስከዚህችም ሰዓት አድርሶናልና» ይላል። ይህን ጸሎት ስንሰማ ብዙዎቻችን ቆመን እያለን አሳባችን ከቅዳሴ በኋላ ወደሚጠብቀን ጉዳይ ቀድሞ ወጥቷል። ሰዓቷን የሰጠን አምላክ ግን በሰዓቷ ውስጥ እየጠበቀን ነው።

ከጎርፉ በኋላ ቤቷን ያጣች አንዲት እናት ምን እንደናፈቃት ስትናገር ሰምቻለሁ። ቁም ሣጥኑንም ቴሌቪዥኑንም አላነሣችም። የናፈቃት የደጃፏ ምሽት ነበር፤ የቤቱ ሙቀት አላስቀምጥ ሲል ሰሌን አውጥተው፣ ቡና ተፈልቶ፣ ከወዲያና ከወዲህ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ነፋሱ እስኪመጣ ድረስ የሚጨዋወቱበት ምሽት። ጎረቤቶቿ አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ከሰፈሩ በኋላ ያ ደጃፍ ተመልሶ አልተገኘም። «ያን ጊዜ ሙቀቱን ነበር የማማርረው» አለች። ሁላችንንም ከየቤቱ አውጥቶ በአንድ ሰሌን ላይ ያስቀመጠን ያ የምናማርረው ሙቀት እንደነበር ልብ ይሏል። (የድሬ ሰው ሙቀትን ማማረር መቼም አይተውም፤ እኔም ይህን ስጽፍ ቬንትሌተሩን አላጠፋሁም።)

እስራኤል በምድረ በዳ የገጠማቸው ፈተና ይኸው ነበር። በዘኍልቍ ምዕራፍ 11 እንደምናነበው፣ መናው በእጃቸው ሳለ ልባቸው በግብፅ ዓሣ፣ ዱባ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ላይ ነበር፤ በዚያ የነበረባቸውን የጡብ ሥራና የአስገባሪዎቹን ጅራፍ ግን አላስታወሱም። በዘጸአት ምዕራፍ 16 ደግሞ ሌሎቹ በተቃራኒው ስለ ነገ ፈርተው መናውን አሳደሩት፤ ተልቶም ሸተተ። አንዱ ወገን በትናንት፣ ሌላው በነገ ምክንያት የዛሬውን ሳይቀምሰው ቀረ። ለሰንበት ዋዜማ የተሰበሰበው ግን አልተበላሸም፤ በትእዛዝ የተቀመጠ ነበርና። ይህን የምጠቅሰው ለዛሬ መኖር ማለት ለነገ አለመዘጋጀት ነው የሚል ሰው እንዳይኖር ነው። ዮሴፍ 7 ዓመት እህል ሰብስቧል፤ የወንዝ ዳር ከተማም ግንብ መሥራት፣ በጎርፍ መውረጃም ቤት አለመቀለስ ግዴታው ነው። ጌታ «ለነገ አትጨነቁ» ሲል የከለከለው ጭንቀትን እንጂ ጥንቃቄን አይደለም።

ሐዋርያው ጳውሎስም በእስራት ሳለ ለፊልጵስዩስ ሰዎች «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ» ሲል ጽፎላቸዋል። ተምሬአለሁ ማለቱ ያጽናናኛል፤ በአንድ ቀን የመጣለት ነገር አልነበረምና፣ ከእኛም በአንድ ሱባኤ አይጠበቅም። ትምህርቱ የሚጀመረው ከትንሽ ነገር ነው። ጠዋት ውኃ ከቧንቧ ሲወርድ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት በሰላም ሲመለስ፣ የታመመ ሰው እንጀራ ሲቀምስ፣ ስለዚያው ነገር በስሙ ጠርቶ ማመስገን ነው፤ ሁሉን በአንድ ጠቅልሎ «ተመስገን» ብሎ ማለፍ ግን ቀስ በቀስ ልማድ ብቻ ይሆናል።

አንድ ነገር ላክል። ይህ ትምህርት እያንዳንዳችን ለራሳችን የምንይዘው ነው እንጂ በሐዘንተኛ ላይ የምንጭነው አይደለም። ልጁን የቀበረን አባት ከድንኳኑ ሥር አግኝተን «ያለህን አመስግን» ብንለው ልናቆስለው እንችላለን። የኢዮብ ወዳጆች ወደ እርሱ በመጡ ጊዜ ሕመሙ እጅግ የበረታ መሆኑን አይተው 7 ቀንና 7 ሌሊት አንዳች ቃል ሳይናገሩ አብረውት በምድር ላይ ተቀመጡ፤ እግዚአብሔር የተቆጣቸው በኋላ አፋቸውን ከፍተው ስለ ተናገሩት ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለቅሶ ቤት የምትሄዱ ወገኖች እዝናችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ተቀመጡ፣ ቢናገር ስሙት፣ ዝም ቢልም አብራችሁት ዝም በሉ፤ ምስጋናውን ለራሱና ለአምላኩ ተዉለት።