ሰርቨር ሳይድ ቫሊዴሽን ምንድን ነው?

ብዙ መሥሪያ ቤት በር ላይ «ሳይፈተሹ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ጽሑፉ ግን ማንንም አይፈትሽም። የሚፈትሸው አጠገቡ የቆመው ጥበቃ ነው። ጥበቃው ምሳ ከወጣ፣ ጽሑፉን አንብቦ የሚቆመው ጨዋ ሰው ብቻ ነው።

ፎርም ስንሞላ የስልክ ቁጥሩን ሳጥን ዘለን «ላክ» ስንል፣ በቀይ «ይህ ቦታ መሞላት አለበት» የሚለን ብራውዘሩ ነው። በር ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ እሱ ነው። አይናቅም። ስህተታችንን ወደ ሰርቨር (ድረ ገጹ ወደሚኖርበት ኮምፒውተር) ሳይመላለስ እዚያው ይነግረናል፤ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ይሄ ትልቅ ውለታ ነው። ችግሩ ብራውዘሩ ያለው በተጠቃሚው እጅ መሆኑ ነው። ጃቫስክሪፕቱን፣ ማለትም ብራውዘሩ ውስጥ የሚሠራውን ኮድ፣ ያጠፋዋል። ኤፍ12 ተጭኖ የገጹን ኮድ ይቀይራል። ሲያሻው ፎርሙን ጭራሽ ሳይከፍት፣ ያለ ብራውዘር መረጃ በሚልኩ መሣሪያዎች፣ በከርል ወይም በፖስትማን፣ የፈለገውን ለሰርቨሩ ይልካል። ለዚህ ደግሞ ሃከር መሆን አያስፈልግም፤ በአንድ ከሰዓት የሚለመድ ነገር ነው።

ሰርቨር ሳይድ ቫሊዴሽን እንግዲህ ጥበቃው ነው። የመጣው መረጃ ዳታቤዝ (የድረ ገጹ የመረጃ ማከማቻ) ከመግባቱ በፊት፣ ብራውዘሩ አየውም አላየውም፣ ሰርቨሩ ላይ ባለው የራሳችን ኮድ ይፈተሻል።

ቡና የሚሸጥ ድረ ገጽ እናስብ። አንዱ የኪሎ ብዛት ላይ -3 ብሎ ቢልክስ? ኮዱ ዝም ብሎ ካባዛ፣ ሱቁ ለገዢው ባለዕዳ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ሰርቨሩ ይጠይቃል፦ ቁጥር ነው? ከዜሮ ይበልጣል? መጋዘን ካለው አያልፍም? ዋጋውን ግን ከናካቴው ከፎርሙ መቀበል የለበትም። በተደበቀ ሳጥን የተላከ 900 ብር በቀላሉ 9 ብር ይሆናል። ከፎርሙ የሚወሰደው የዕቃው መለያና ብዛቱ ብቻ ነው፤ ዋጋው ከራሱ ከዳታቤዙ ይወጣል።

ጥበቃ ግን እንግዳም ሊያባርር ይችላል። እኛ አገር ብዙ ዲቨሎፐር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ኮድ «ስም ከኤ እስከ ዜድ ብቻ» ይላል፤ ስሙን በግዕዝ ፊደል የጻፈው ሁሉ ውጭ ይቀራል። ሌላው «ቢያንስ 3 ፊደል» ይላል። በላቲን 4 ፊደል የሆነችው ሳራ፣ በአማርኛ 2 ናት! ከሁሉም የሚገርመው የርዝመቱ ጉዳይ ነው። ኮምፒውተር ጽሑፍን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 ዘዴ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ) ይይዛል። «ገብረእግዚአብሔር» 10 ፊደል ቢሆንም 30 ባይት ነው። ብራውዘሩ 10 ብሎ ያሳልፈዋል። ሰርቨሩ ላይ ያለው ኮድ በፒኤችፒ ቋንቋ ተጽፎ ባይት በሚቆጥረው በስትርሌን ትዕዛዝ ከቆጠረ 30 ይለዋል፤ ገደቡ 20 ከሆነ ይመልሰዋል። ፊደል በሚቆጥረው በኤምቢ ስትርሌን ቢቆጥር ኖሮ 10 ይል ነበር። ሰውዬው ስሙ ምን እንዳጠፋ በምን ይወቅ?

ስልክም እንዲሁ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር፣ «በ09 ካልጀመረ ስህተት ነው» የሚል ኮድ ሁሉ በ07 የሚጀምረውን ደንበኛ የሚያባርር ሆነ። መጀመሪያ ክፍተቱንና ሰረዙን ማጥራት፣ +251ን ወደ 0 መመለስ፣ ከዚያ መፈተሽ ይሻላል። የልደት ቀን በእኛ አቆጣጠር ከተጠየቀ ደግሞ ጳጉሜ 6 በዘመነ ሉቃስ አለ፣ በሌላው ዓመት የለም። 2015 ላይ ትክክል የሆነው ቀን 2016 ላይ ስህተት ነው።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን፦ ቫሊዴሽን የኤስኪውኤል ኢንጀክሽን (ሳጥን ውስጥ የዳታቤዝ ትዕዛዝ ጽፎ ዳታቤዙን የማታለል ጥቃት) መድኃኒት አይደለም። እሱን የሚያስቆመው ፕሪፔርድ ስቴትመንት፣ ማለትም ትዕዛዙንና የተሞላውን መረጃ ለያይቶ ለዳታቤዙ መስጠት፣ ነው። አጥቂው ትዕዛዙን የሚያሾልክበትን ነጠላ የጥቅስ ምልክት ከስም ውስጥ እየለቀሙ መጣል ስሙን ያበላሻል እንጂ በሩን አይዘጋም።

ፍተሻው ስህተት ሲያገኝ የትኛው ሳጥን ላይ እንደሆነና ምን እንደሚጠበቅ በግልጽ ይናገር። «የተሳሳተ መረጃ» ብሎ መልስ የለም። ከይለፍ ቃሉ በቀር የተሞላውንም እንዳለ ይመልስ። በስልክ፣ በአንድ አውራ ጣት ሃያ ሳጥን ሞልቶ፣ በአንዷ ምክንያት ሁሉም ባዶ ሆኖ ሲመለስለት እንደገና የሚሞላ ሰው እስካሁን አላየሁም።