«ፍልስፍና ያሳብዳል» እና ሌሎች ደሴ ላይ የምሰማቸው አባባሎች

ፍልስፍና «ደርሶኝ» ደሴ ስመለስ አክስቴ ቡና እያፈላች ነበር። ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው ቤቷ። ዲፓርትመንቴን ስነግራት ሲኒውን አስቀመጠችና «ምነው ልጄ፣ ነጥብህ አንሶ ነው?» አለችኝ። ከልቧ አዝና ነው።

ዛሬ ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ እሠራለሁ። ሥራዬ ከፍልስፍና ጋር አይገናኝም። የተማርኩት ሳይጠቅመኝ የዋለበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። ስለዚህ ቡና ላይም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ብዙ የተፈላሰፈ ያብዳል»

የአእምሮ ሕመም ሕመም ነው፤ ሐኪም አለው። ያነበበም ያላነበበም ይታመማል። እንዲህ የምንለው ሰፈራችን ውስጥ መጽሐፍ ይወድ የነበረና የታመመ አንድ ሰው ስለምናውቅ ነው። ሳያነብ የታመመውን ማን ቆጠረው? አንብቦ ደህና የሆነውንስ? አንድ ሰው አይቶ በሁሉ ላይ መፍረድ፣ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ በሎጂክ ኮርስ ላይ ከሚማራቸው የአስተሳሰብ ስህተቶች አንዱ ነው። የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። «መጽሐፍ ነው ያሳበደው» ብለን ስንተወው ያ ሰው ሕክምና ሳያገኝ ይቀራል።

«ከሃይማኖት ያስወጣል»

ይሄኛው ከባድ ነው። የብዙ ወላጅ ፍርሃት ስለሆነ በአክብሮት ነው የማነሳው። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ መካከል መስጊድ የሚሄድም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለምም አለ። ሃይማኖት እዚህ የኑሮው መሠረት ነው።

ታሪኩን ግን እንየው። ቶማስ አኩዊናስ የጥንቱን ግሪካዊ ፈላስፋ አሪስቶትልን አብጠርጥሮ ያጠና የካቶሊክ መነኩሴ ነበር። ኢብን ሩሽድ (ከ1126 እስከ 1198 እ.ኤ.አ.) በአሪስቶትል ሥራዎች ላይ ሰፊ ማብራሪያ የጻፈው በሴቪያና በኮርዶባ ቃዲ የነበረ ሰው ሆኖ ነው። ሙስሊሙ ሊቅ አል ገዛሊ ደግሞ ፈላስፎችን አጥብቀው ከተቹት ዋነኛው ነው። ከመተቸቱ በፊት ግን ቁጭ ብሎ የሚሉትን አጠና። መንጢቅንም አልጣለም፤ እንዲያውም ጠቃሚነቱን ተከራከረለት። መንጢቅ ማለት ሎጂክ ነው። እኔ ከአል ገዛሊ የወሰድኩት ይህንን ነው። የማልስማማበትን ነገር ከመንቀፌ በፊት በደንብ ማወቅ አለብኝ።

በክርስቲያኑም በኩል ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዋድላ በቅኔ ስሟ የተጠራ የወሎ አገር ናት። ከሰሙ ስር ወርቁን ሲፈልግ የሚያድር የቅኔ ተማሪ አእምሮውን እንደሚስል ማን ይጠራጠራል?

ፍልስፍና አንብቦ እምነቱን የተወ ሰው የለም አልልም፤ አለ። ሳያነብ የተወም አለ። እኔን ግን መጠየቄ ጸሎቴን አላስተወኝም። ድሮ ሰው ስላለ እል የነበረውን አሁን ገብቶኝ እለዋለሁ።

«የፈረንጅ ነገር ነው»

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፈላስፋውን ዘርዓ ያዕቆብን ይጠራል (ንጉሡን አይደለም)። በስሙ የሚታወቀው የፍልስፍና መጽሐፍ፣ ሐተታው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንፍራዝ ተጻፈ የሚሉ አሉ። ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ አላለቀም። ስለዚህ ሙሉ ክብደቴን እሱ ላይ አልጥልም። የማያከራክረው ይበቃኛል። የጠቢባንን አባባሎች የያዘው መጽሐፈ ፈላስፋ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተተርጉሟል። አያቶቻችንም ዛፍ ስር ዳኛ አስቀምጠው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ተሟግተዋል። ጥያቄና መልስ፣ ማስረጃና ማፍረሻ የእኛም ነው።

«ሆዱ የሞላ ሰው ሥራ ነው»

ግማሹ እውነት ነው። «ፈላስፋ እንፈልጋለን» የሚል የሥራ ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም። ትምህርቱ ግን የጥጋበኛ አይደለም። ኤፒክቴተስ ባሪያ ሆኖ የተወለደ ሰው ነበር። ኢስጦኢኮች ከሚባሉት የጥንት ፈላስፎች ወገን ነው፤ የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ስማቸውን ያውቀዋል። ዋና ትምህርቱ በእጅህ ያለውን ከሌለው ለይ የሚል ነው። ለመስማት ቀላል ነው። ለመኖር ግን ልምምድ ይፈልጋል።

ክረምት ላይ አንድ ጠዋት ሚኒባሳችን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል፣ ሐረጎ ላይ ቆመ። ጉሙ ከፊታችን ያለውን መኪና እንኳ አያሳይም። ከባድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ይዞታል። ኮምቦልቻ ስብሰባ ነበረኝ። ሁሉም ሹፌሩን ይወቅሳል፣ «በዚያ በኩል እለፍ!» ይለዋል። እኔም አፌን ልከፍት ስል ያ ትምህርት ትዝ አለኝ። ጉሙ በእጄ አይደለም። የተበላሸው መኪናም በእጄ አይደለም። ስልኬ ግን በእጄ ነው፤ ምላሴም። አለቃዬ ጋ ደወልኩና ያለእኔ እንዲጀምሩ ነገርኳቸው። ሹፌሩን «አይዞህ ወንድሜ፣ ብንዘገይ ይሻለናል» አልኩት። መሪውን ጨብጦት የነበረው እጁ ላላ ሲል አየሁት።

«እንግዲህ እጅ መስጠት ነው» የሚሉኝ አሉ። አይደለም። መደወሉም፣ ሹፌሩን ማረጋጋቱም ሥራ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አልበርት ኤሊስና አሮን ቤክ ለጭንቀትና ለድባቴ የንግግር ሕክምና ሲያበጁ ከኢስጦኢኮች መነሳታቸውን ራሳቸው ተናግረዋል።

«ክርክር ማሸነፊያ ነው»

እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ አክስቴን እንግዶቿ ፊት በክርክር ረታኋት። ዝም አለች። ያን ቀን ምንም እንዳላሸነፍኩ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ይቅርታ የጠየቅኳትም ቆይቼ ነው። የሶቅራጥስ እናት አዋላጅ ነበረች። እሱም ሥራውን ከአዋላጅነት ጋር ያመሳስለው ነበር። ሰውየው ራሱ የያዘውን ሐሳብ በጥያቄ እንዲወልድ መርዳት ነው። አዋላጅ ወላዷን አትረታም።

አሁን ለአክስቴ መልስ አልሰጣትም፤ እጠይቃታለሁ። እሷም ለምዳዋለች። ሰሞኑን አንዲት ጎረቤት «ከነገ ጀምሮ ዘይት አይገኝም አሉ» እያለች ገባች። አክስቴ ጀበናውን እንደያዘች «ማን ነው ያለው? እሱስ ከማን ሰማ?» አለቻት። ሴትየዋ ትንሽ አሰበችና ነጠላዋን አጣፍታ ባለሱቁን ልትጠይቅ ወጣች።