ከልጅነት ሉኪሚያ በኋላ «ዘግይቶ የሚመጣ ጉዳት» ምንድን ነው?

አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ በአራት ዓመቱ ሉኪሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር፣ ያዘው እንበል። ቤተሰቡ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል የአዲስ አበባን 130 ኪሎ ሜትር ሲመላለስበት ከረመ። የልጁ ጸጉር ረገፈ፣ ተመልሶ በቀለ፤ ልጁም ዳነ፣ ስለት ገባ። አራተኛ ክፍል ሲደርስ ግን መምህሩ እናቱን አስጠርተው «ልጅሽ ጨዋ ነው፤ ግን ይፈዛል። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ገልብጦ ሳይጨርስ ደወል ይደወላል» ይሏታል። በሽታው ከለቀቀው ሦስት ዓመት አልፎታል። አሁን ደግሞ ምን መጣ?

የመጣው ሐኪሞች «ዘግይቶ የሚመጣ ጉዳት» የሚሉት ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ካበቃ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ብቅ የሚል፣ በአብዛኛው በሽታውን ያጠፋው መድኃኒት ራሱ ትቶት የሚሄድ ጉዳት ማለት ነው።

የደም በሽታ መድኃኒት አንጎል ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ? ነገሩ የሚጀምረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ነው። የአንጎል ደም ሥሮች ግድግዳ እንደ ጥብቅ ኬላ ነው፤ ብዙ መድኃኒት አያሳልፍም። የካንሰር ሕዋሳት ግን አንጎልንና አከርካሪን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ይደበቃሉ። ደማቸው ጠራ የተባሉ ልጆች በዚያ ምሽግ በኩል በሽታው እየተመለሰባቸው ይሞቱ ነበር። በሜምፊስ ከተማ በሴንት ጁድ ሆስፒታል ዶክተር ዶናልድ ፒንክልና ባልደረቦቻቸው ጭንቅላትን በ24 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር መምታትና ሜቶትሬክሴት የተባለውን የካንሰር መድኃኒት በጀርባ መርፌ ወደ ፈሳሹ መስጠት ጀመሩ። ከታከሙት ልጆች ግማሽ ያህሉ ዳኑ፤ ለዚያ ዘመን ተአምር ነበር። ዋጋው የታወቀው ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። ስለዚህ ጨረሩ ወደ 18 ግሬይ ወረደ፤ ቆይቶም ለአብዛኞቹ ልጆች ቀርቶ በጀርባ መርፌና በደም ሥር በሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ያለው ሜቶትሬክሴት ተተካ። ጉዳቱ ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

ሜቶትሬክሴት የካንሰር ሕዋስ እንዳይባዛ ፎሌት የተባለውን ቫይታሚን ይነፍገዋል። የልጅ አንጎልም ፎሌት ይፈልጋል፤ የነርቭ ሽቦዎቹ መልእክት በፍጥነት የሚያሳልፉት በስብ በተሠራ ልባስ ተሸፍነው ሲሆን፣ ይህ ልባስ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ድረስ ገና እየተሠራ ነው። በሥራ ላይ ያለ ግንበኛ ሲሚንቶ ቢቀርበት ግድግዳው አይፈርስም፤ ግን ይዘገያል፣ ይሳሳል። ለዚህም ነው ከአምስት ዓመት በታች የታከሙ ልጆች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጭንቅላታቸው ላይ ጨረር ያረፈባቸው፣ ይበልጥ የሚጎዱት። ሴቶች ልጆችም ከወንዶች የበለጠ ይጎዳሉ።

ልጁ የሚያውቀውን አይረሳም፤ ሞኝም አይደለም። የሚቸገረው አዲስ ነገር በፍጥነት በመያዝ ነው። «ጨው፣ ክብሪትና ሁለት ሳሙና ገዝተህ መልሱን ቆጥረህ ና» ብትሉት ክብሪቱን ብቻ ይዞ ይመጣል። ነገር በአእምሮ ይዞ እያለ ሌላ መሥራት፣ ትኩረትን ማቆየት፣ ሥራን በቅደም ተከተል ማስኬድ ይከብደዋል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወድቀው ሒሳብ ነው። ቪንክሪስቲን የተባለው ሌላው መድኃኒት ደግሞ የእጅና የእግር ነርቭን ስለሚነካ አጻጻፉ ሊንቀራፈፍ ይችላል፤ ይህ ከአንጎሉ ጋር መምታታት የለበትም። ጉዳቱ በሁሉም ላይ አይደርስም፤ ብዙዎች ያለ ምንም ችግር ይማራሉ።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ይህን ያነበበ ወላጅ የጀርባ መርፌውን ቢያስቀር ልጁን ሊያጣ ይችላል። ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦችም መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይውሰዱ። የቫይታሚን ክኒንም ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጥ፤ ፎሊክ አሲድ ያለበት ከሆነ ከሜቶትሬክሴት ጋር ይጣላል።

መምህራን ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለን እየተረትን፣ ፈተና ላይ ሰዓት አልቋል ብለን ወረቀት እንነጥቃለን። ለዚህ ልጅ ሃያ ደቂቃ መጨመር፣ ፊት ወንበር ላይ ማስቀመጥ፣ ትእዛዝን አንድ በአንድ መስጠት፣ ማስታወሻውን ከጓደኛው ደብተር እንዲገለብጥ መፍቀድ ገንዘብ አይጠይቅም። ስልሳ ተማሪ ያለበት ክፍል እንኳን ይቻላል። ከዚያ በፊት ዓይኑና የደሙ መጠን ይታዩ፤ ጨረር ተሰጥቶት ከሆነም የእንቅርት ዕጢውና ዕድገቱ። ያልታየ ልጅ ሰነፍ አይባልም።

እናቱ ደግሞ ክትትሉ ሳያበቃ ከሐኪሙ አንድ ወረቀት ትጠይቅ፦ የትኞቹ መድኃኒቶች እንደተሰጡት፣ ስንት ጊዜ ጀርባው እንደተወጋ፣ ጨረር ካለ መጠኑ። ልጁ ሃያ ዓመት ሞልቶት ሌላ ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚጠየቀው ይህ ነው። ከክትባት ካርዱ ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።