የዳታ ፋይል ፓርሰሮች የተበላሸ ግብዓትን የሚይዙበት መንገድ

ፓርሰር ከፋይል የተነበበን የባይት ተርታ ተቀብሎ ፕሮግራም ሊሠራበት ወደሚችል ነገር፣ ማለትም ወደ ቁጥር፣ ጽሑፍ፣ ዝርዝርና ሠንጠረዥ የሚቀይር ኮድ ነው። እንደ ሲኤስቪ (የሠንጠረዥ)፣ ጄሰንና ኤክስኤምኤል (የዳታ) እንዲሁም ፒኤንጂ (የምስል) ያሉ የፋይል ፎርማቶች ለየራሳቸው የተዘጋጁ ላይብረሪዎች፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባቸው ዝግጁ ኮዶች አሏቸው፤ አብዛኛው ፕሮግራመርም የራሱን ፓርሰር ከመጻፍ እነዚህን ይጠቀማል። ላይብረሪው ግን ፋይሉ ከማን እንደመጣ አያውቅም። መሃል ላይ የተቋረጠ ዳውንሎድ፣ በእጅ የተነካካ ሠንጠረዥ ወይም ለጥቃት ሆን ተብሎ የተሠራ ፋይል ሊሆን ይችላል። ለፓርሰር የተበላሸ ግብዓት ድንገተኛ ነገር ሳይሆን የሥራው አካል ነው።

ውድቀቱ በሦስት መልክ ይመጣል። ፕሮግራሙ ክራሽ ያደርጋል፣ ሜሞሪ ወይም ጊዜ ይጨርሳል፣ አለዚያም ምንም እንዳልተፈጠረ የተሳሳተ ዳታ ይመልሳል። ብዙ ሰው የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው፤ ከሁሉም የከፋው ግን የመጨረሻው ነው። ክራሽ ወዲያው ይታያል፤ በዝምታ የገባ ስህተት ዳታቤዝ ውስጥ ተቀምጦ ሌላ ስሌት ሁሉ ከተሠራበት በኋላ ነው የሚገኘው።

በዝምታ የሚያልፍ ስህተት

በሲ ቋንቋ ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ‹ኤቶአይ› የተባለው ፈንክሽን ጥሩ ምሳሌ ነው። «0» የሚል ጽሑፍ ሲሰጠው 0 ይመልሳል፤ ቁጥር ያልሆነ ቃል ሲሰጠውም ያው 0 ይመልሳል። ጠሪው፣ ማለትም ፈንክሽኑን የሚጠቀመው ኮድ፣ ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም። በምትኩ የሚመከረው ‹ስትርቶል› ንባቡ የቆመበትን ቦታ ያሳውቃል፤ ግን እሱም ቢሆን በትክክል ካልተጠሩት ዋጋ የለውም። ከጥሪው በፊት የስህተት ተለዋዋጩን ዜሮ ማድረግ ያስፈልጋል። ከጥሪው በኋላ ደግሞ ሦስት ነገር ይታያል፦ ንባቡ ከመነሻው ካልተንቀሳቀሰ ቁጥር አልተገኘም ማለት ነው፤ ከጽሑፉ መጨረሻ በፊት ከቆመ ከቁጥሩ ኋላ ትርፍ ነገር አለ፤ የስህተት ተለዋዋጩ ከተቀየረ ቁጥሩ ከመጠን አልፏል። ከሦስቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚረሳው ሁለተኛው ነው፤ «12ኪሎ» የሚለው 12 ሆኖ የሚገባውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጄሰን ውስጥም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። 9007199254740993 የሚለውን ቁጥር በ64 ቢት ተንሳፋፊ ነጥብ (ይህን ያህል ትልቅ ቁጥርን ሁልጊዜ በትክክል በማይዝ የቁጥር ዓይነት) የሚይዝ ፓርሰር 9007199254740992 አድርጎ ይመልሰዋል። የደንበኛ መለያ ቁጥር ከሆነ የሌላ ሰው መለያ ሆነ ማለት ነው። በአንድ የጄሰን መዋቅር ውስጥ አንድ የመስክ ስም ሁለት ጊዜ ሲመጣ ደግሞ አንዳንዱ ላይብረሪ የመጀመሪያውን፣ አንዳንዱ የመጨረሻውን ይወስዳል፣ ሌላው ስህተት ይላል። የጄሰን ደንብ የሆነው አርኤፍሲ 8259 ስሞች እንዳይደገሙ ይመክራል እንጂ አያስገድድም። የሰው ጂኖችን የሚሰይመው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 አንዳንድ የጂን ስሞችን እስከ መቀየር የደረሰው ኤክሴል ‹ማርች1›ን የመሰሉ ስሞችን ወደ ቀን እየቀየረ ስላስቸገረ ነው። ሶፍትዌሩ ሊረዳ ብሎ ያደረገው ነው፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው።

ፋይሉ ስለራሱ የሚናገረውን አለማመን

ብዙ ፎርማቶች የሚቀጥለው ክፍል ስንት ባይት እንደሆነ አስቀድመው ይናገራሉ። የፒኤንጂ ምስል እያንዳንዱ ክፍል በ4 ባይት ርዝመት ይጀምራል፤ የስፋትና የቁመት ቁጥሮችም እያንዳንዳቸው 4 ባይት ናቸው። 300 ባይት ብቻ የቀረው ፋይል «የሚቀጥለው ክፍል 2 ቢሊዮን ባይት ነው» ሊል ይችላል። ላይብረሪው አምኖ ያን ያህል ሜሞሪ ከጠየቀ ተሸነፈ። ርዝመቱን ከቀረው ባይት ጋር ማወዳደር፣ መጠኑ በማይታወቅ ዥረት ላይም ሜሞሪውን እየተነበበ በሄደ ቁጥር ማሳደግ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው ሃርትብሊድ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል (የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥር ላይብረሪ) የደህንነት ቀዳዳ ፋይል ላይ የተፈጠረ ባይሆንም ሥሩ ይኸው ነበር፤ ላኪው የተናገረው ርዝመት ከላከው ጋር ሳይመሳከር እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ የሰርቨር ሜሞሪ ይወጣ ነበር።

ማባዛትም አደጋ አለው። ስፋቱ 32768፣ ቁመቱ 32768 የሆነ ምስል ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ሲያዝለት 4294967296 ባይት ይፈልጋል። ይህ ቁጥር በ32 ቢት አይያዝም፤ ተጠቅልሎ 0 ይሆናል። ላይብረሪው የ0 ባይት ቦታ ይዞ ሙሉውን ምስል እዚያ ላይ መጻፍ ይጀምራል። መፍትሔው ከማባዛት በፊት ማካፈል ነው፤ የተፈቀደውን ከፍተኛ መጠን ለ4 እና ለቁመቱ አካፍሎ ስፋቱ ከውጤቱ ከበለጠ ፋይሉን አለመቀበል። ቁመቱ ዜሮ አለመሆኑ ቀድሞ ይረጋገጥ፤ አለዚያ ማካፈሉ ራሱ ክራሽ ያመጣል።

ጥልቀትም፣ ማለትም ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ የሚደራረብበት ደረጃ፣ እንዲሁ ገደብ ይፈልጋል። 100000 የመክፈቻ ቅንፎች ብቻ የተደረደሩበት ጄሰን 100 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም፤ ራሱን እየጠራ የሚሠራን የሲ ፓርሰር ግን ስታኩን (ለፈንክሽን ጥሪዎች የተመደበውን ሜሞሪ) አስጨርሶ ሊጥለው ይችላል። አርኤፍሲ 8259 ላይብረሪዎች የጥልቀት ገደብ እንዲያበጁ ይፈቅዳል። በኤክስኤምኤል «ቢሊዮን ሳቅ» የሚባለው ጥቃት ደግሞ እያንዳንዱ ስም የቀደመውን 10 ጊዜ እየጠራ ከ1 ኪሎባይት የማይበልጥን ፋይል ወደ ጊጋባይቶች ያሳብጠዋል። እዚህ ላይ የፋይሉን መጠን መገደብ አይጠቅምም፤ የሚገደበው የውጤቱ መጠን ነው።

ስህተቱ የት ነው?

አንድ የሲኤስቪ ፋይል 214ኛው መስመር ላይ ትምህርተ ጥቅስ ተከፍቶ ሳይዘጋ ቀረ እንበል። በጥቅስ ውስጥ አዲስ መስመር ስለሚፈቀድ ፓርሰሩ ቀጣዮቹን መስመሮች ሁሉ የአንድ ሕዋስ ይዘት አድርጎ ይውጣቸዋል። 9000ኛው መስመር ላይ ሌላ ጥቅስ ሲያገኝ «9000ኛው መስመር ላይ ኮማ ይጠበቅ ነበር» ይላል። ተጠቃሚው 9000ኛውን መስመር ቢያገላብጥ ምንም አያገኝም። ደህና ላይብረሪ ስህተቱ የታወቀበትን ብቻ ሳይሆን ጥቅሱ የተከፈተበትንም መስመር ይናገራል፤ ለአንድ ሕዋስም ገደብ ያበጃል። የፓይተን የሲኤስቪ ሞጁል ካልተቀየረ በቀር ገደቡ 131072 ምልክት ነው።

የስህተት መልእክቱ ለፕሮግራም የሚሆን ቋሚ ኮድ፣ ከፋይሉ መጀመሪያ ያለውን የባይት ርቀት፣ መስመርና ዓምድ፣ የተጠበቀውንና የተገኘውን ይይዛል። የተገኘው ነገር ግን እንዳለ አይገለበጥም። ተቆርጦ፣ የማይታዩ ምልክቶችም ወደ ቁጥር ኮድ ተቀይረው ይጻፋሉ። አለዚያ አዲስ መስመር ያለበት ሕዋስ ሎጉ (የፕሮግራሙ የክስተት መዝገብ) ውስጥ ሐሰተኛ መስመር ያስገባል።

አንዳንዴ ጥፋቱ የፋይሉ ሳይሆን የላይብረሪው ነው። ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይረው ዩቲኤፍ-8 በተባለው ደንብ እንደ «ሀ» ያለ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ 225፣ 136 እና 128። ፋይሉ በ4096 ባይት እየተቆረሰ ሲነበብ 4096 ለ3 ስለማይካፈል በፊደል ብቻ የተሞላ ጽሑፍ 1 ባይት ይተርፈውና የመጨረሻው ፊደል ለሁለት ይቆረጣል። ፓርሰሩ እያንዳንዱን ቁራሽ ለብቻው ካረጋገጠ ደህናውን ፋይል «የተበላሸ» ይለዋል። «ገና አልደረሰም» እና «ስህተት ነው» የተለያዩ ውጤቶች መሆን ያለባቸው ለዚህ ነው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ የተፈተነ ላይብረሪ ይህን ጉድለት ላያየው ይችላል።

ማቆም ወይስ መቀጠል

እ.ኤ.አ. በ1980 ጆን ፖስቴል በኢንተርኔት ደንቦች ውስጥ ያሰፈረው «በምትልከው ጥብቅ፣ በምትቀበለው ለዘብተኛ ሁን» የሚል ምክር ለረጅም ጊዜ እንደ ሕግ ተወስዷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አርኤፍሲ 9413 የተባለው የኢንተርኔት ሰነድ ግን ልልነቱ ስህተትን እያለማመደ እንደሚሄድ ያስረዳል። ኤክስኤምኤል ከጅምሩ በተቃራኒው ሄዷል፤ ከባድ ስህተት ከተገኘ ፓርሰሩ መደበኛ ሥራውን እንዲቀጥል አይፈቀድለትም። እንደ ሲኤስቪ ባሉ በመስመር የተከፋፈሉ ፋይሎች መጥፎውን መስመር መዝለል ይቻላል፤ ሆኖም ጠሪው ፈቅዶ መሆን አለበት፣ የተዘለሉት ስንትና የትኞቹ እንደሆኑም ይመለስለት። ዝም ብሎ የሚዘል ላይብረሪ ባይኖር ይሻላል።

ላይብረሪው ፕሮግራሙን ራሱ መዝጋት ወይም ስክሪን ላይ መጻፍም የለበትም፤ ያ የጠሪው ውሳኔ ነው። ግማሽ የተሞላ መዋቅር ሳይሰጥ፣ የያዘውን ሜሞሪ ለቆ፣ የከፈተውንም ፋይል ዘግቶ ይመለሳል። የፒኤንጂ ላይብረሪ የሆነው ሊብፒኤንጂ በስህተት ጊዜ ‹ሎንግጃምፕ› በሚባል ዝላይ ወደ ጠሪው ስለሚመለስ ጠሪው መሃል ላይ የያዘው ሜሞሪ በቀላሉ ተረስቶ ይቀራል።

ይህ ሁሉ የሚፈተነው ትክክለኛ ፋይል በመስጠት አይደለም። ባርተን ሚለር በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1988 የጀመረው ‹ፈዝ› የተባለ ዘዴ ለፕሮግራሞች የዘፈቀደ ባይት እየሰጠ ብዙዎቹን አስወድቋል። ከዚያ የቀለለና ዛሬም ብዙ የሚያጋልጥ ፍተሻ አለ፤ ደህናውን ፋይል ከ0 ባይት ጀምሮ በየአንዳንዱ ርዝመት እየቆረጡ መስጠት። ለፒኤንጂ ከሙሉው በስተቀር ሁሉም ስህተት መመለስ አለበት፤ የማብቂያ ክፍል አለውና። ሲኤስቪ ግን መስመር ድንበር ላይ ሲቆረጥ ሙሉ ይመስላል። ያን ከውስጡ የሚያውቅ ፓርሰር የለም፤ የመስመሮቹ ብዛት ወይም የፋይሉ መጠን ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት።