ሴንሰር ምንድን ነው? ከቢግ ዳታስ ጋር ምን አገናኘው?

ኮምፒውተር በራሱ ሙቀት አይሰማውም፣ ብርሃን አያይም። የሚገባው ቁጥር ብቻ ነው። ሴንሰር ማለት ሙቀትን፣ ብርሃንን፣ ግፊትን ወይም እንቅስቃሴን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይር መሣሪያ ነው። ምልክቱ ከዚያ ወደ ቁጥር ይመነዘራል።

ስልካችሁን ስታጋድሙት ስክሪኑ አብሮ የሚዞረው አክስለሮሜትር የሚባል ሴንሰር ስላለው ነው። ውስጡ በዓይን የማይታዩ የሲሊከን ክፍሎች አሉ። ስልኩ ሲነቃነቅ አንዱ ክፍል ከቦታው በጥቂቱ ፈቀቅ ይላል። ከጎረቤቶቹ ያለው ርቀት ሲለወጥ የኤሌክትሪክ ምልክቱም ይለወጣል። ያቺን ኢምንት ለውጥ መለካት መቻሉ እስካሁን ያስደንቀኛል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ሴንሰሩ በሦስት አቅጣጫ በሰከንድ 100 ጊዜ ይለካል እንበል። እያንዳንዱ ልኬት 2 ባይት ቢይዝ፣ በሰከንድ 600 ባይት ነው። ምንም አይደለም። ሳያቋርጥ ከዋለና ካደረ ግን 52 ሜጋባይት ገደማ ይሞላል። በአንድ ሚሊዮን ስልክ ስታባዙት በቀን 52 ቴራባይት ሆነ! ሰው ጽፎ ጽፎ ይደክመዋል፤ ሴንሰር ግን እረፍት አያውቅም። ቢግ ዳታ፣ ማለትም በተለመደው መንገድ ለማስተናገድ የሚያስቸግር እጅግ ብዙ መረጃ፣ እንዲህ የገዘፈበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ የት ይቀመጣል? አብዛኛው አይቀመጥም። ስልኩ እርምጃችሁን ሲቆጥር ጥሬውን ልኬት እዚያው አስልቶ ድምሩን ያስቀምጣል። መረጃው በተወለደበት ቦታ ላይ እንዲህ ማስላት ኤጅ ኮምፒውቲንግ ይባላል። ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ትልቁ የቅንጣት ማፋጠኛ ውስጥ ደግሞ የፕሮቶን (የአቶም ውስጥ ቅንጣት) ጥቅሎች ፊት ለፊት እየመጡ በሰከንድ እስከ 40 ሚሊዮን ጊዜ እርስ በርስ ይተላለፋሉ። በአንድ ትልቅ መመርመሪያ ከዚያ ውስጥ መረጃው ለጥናት የሚቀመጠው በሰከንድ ቢበዛ ጥቂት ሺህ ያህሉ ነው። የቀረው ወዲያው ይጣላል። ስለዚህ ምን እንደሚጣል መወሰን ራሱን የቻለ ከባድ ሥራ ነው።

እኔን ከብዛቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የልኬቱ ትክክለኛነት ነው። ብዙ ዳታ ካለ ስህተቱ ይዋጣል የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው። አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች የሚል ስህተት አማካይ ሲወሰድ ይጣፋል። ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስህተት ግን አይጣፋም። 2 ኪሎ የሚጨምር ሚዛን ላይ ሺህ ጊዜ ብትወጡ፣ ሺህ ጊዜ ይጨምርባችኋል።

ይህ የሰው ጤና ላይ ደርሷል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት መሣሪያው በጥቁር ታካሚዎች ላይ የኦክስጅን ማነስን ሳያይ የሚያልፈው ከነጮቹ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን መሆኑን አሳየ። እንዲህ ያለ ልኬት የኮምፒውተር ሞዴል ማሠልጠኛ ቢሆን፣ ሞዴሉም ያንኑ ስህተት እውነት ብሎ ይማረዋል።

መድኃኒቱ ካሊብሬሽን ነው፤ ሴንሰሩን ከታመነ መለኪያ ጋር እያስተያዩ ማረም። በውቅያኖሶች ላይ አርጎ የሚባሉ 4000 ገደማ ተንሳፋፊ የመለኪያ መሣሪያዎች አሉ። አብዛኞቹ በየ10 ቀኑ እስከ 2000 ሜትር ጥልቀት ወርደው ሙቀትና ጨዋማነት እየለኩ ይወጡና ውጤቱን በሳተላይት ይልካሉ። ሴንሰራቸው ከጊዜ በኋላ መሳሳት ሊጀምር ይችላል፤ አብዛኞቹን ግን ከባሕር አውጥቶ መጠገን አይታሰብም። ባለሙያዎች ታዲያ የላኩትን ቁጥር በአካባቢው መርከቦች ከለኩት ጋር እያመሳከሩ ያርሙታል።