ኮሎኬሽን ምንድን ነው? «ገደብ መጣል» በእንግሊዝኛ

አራት ኪሎ አካባቢ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪዬ የ2012ቱን የኮሮና ጊዜ እያስታወሰ ጻፈ፦ ከፒያሳ የሚነሳው ታክሲ በግማሽ ሰው፣ ታሪፉ እጥፍ። መንግሥት ገደብ ጣለ ለማለት «ዘ ገቨርንመንት ስሪው ኤ ሊሚት» አለ። ሰዋስዉ ልክ ነው። የከዳው ግሱ ነው፤ እኛ ገደብ እንጥላለን፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን «ኢምፖዝ» ወይም «ሴት» ይላል።

ቃላት እንዲህ ተላምደው አብረው ሲውሉ ኮሎኬሽን ይባላል። ስያሜውን በቋንቋ ጥናት ያስለመደው እንግሊዛዊው ምሁር ጆን ፈርዝ ነው፣ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ። ለምን «ስሮው» እንደማይሆን ደንብ አትፈልጉለት፤ ልማድ ነው።

መጣሉ ላይ ብንለያይም ማንሳቱ ላይ እንገናኛለን። የተጣለ ገደብ ይነሳል፤ በእንግሊዝኛም «ሊፍት» ነው፣ ፎቅ የምንወጣበት ያው ሊፍት። ማላላት «ኢዝ»፣ ማጥበቅ «ታይትን»። «በጉዞ ላይ ገደብ» ስንል ያለችው «ላይ» እንኳ «ኦን» ሆና ትመጣለች፦ «ሪስትሪክሽንስ ኦን ትራቭል»። «ጥብቅ» ግን «ስትሮንግ» አይደለም፤ «ስትሪክት» ወይም «ታይት» በሉት። የፍጥነት ገደብ ያለፈ ሾፌር ደግሞ «ኤክሲድ» አደረገ ይባላል።

«ሊሚት» እና «ሪስትሪክሽን»ን ለሚያምታታ፦ ቁጥር ያለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ወደ «ሊሚት» ያደላል። ፍጥነት፣ ዕድሜ፣ ሰዓት።

ተማሪዎቼን በጣም የሚያስቀው «ኖው ዩር ሊሚትስ» ነው። ቃል በቃል ሲመልሱት «ልክህን እወቅ» ይሆንባቸዋል፤ ይህን ደግሞ ታክሲ ውስጥ በመልስ ሳንቲም የተጣላ ተሳፋሪ ለረዳቱ ሲወረውረው ሰምተውታል። ቀጥሎ የሚመጣው «ልክህን አሳይሃለሁ» እንደሆነም ያውቃሉ። በእንግሊዝኛ ግን የወዳጅ ምክር ነው፤ ስፖርት የጀመረን ሰው አቅምህን እያየህ፣ አታብዛው እንደማለት። የኛን ስድብ የሚቀርበው «ኖው ዩር ፕሌስ» ነው። እሱንም ለአለቃችሁ አትሞክሩት።