ሪፖርት ወደ አራት ኪሎ፦ ፓርላማው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የሚጠይቅበት መንገድ

አዲስ አበባ ውስጥ «አራት ኪሎ ገባ» ሲባል ብዙ ጊዜ ስለ ሰፈሩ አይደለም። ሥልጣን ያዘ ማለት ነው። ከድል ሐውልቱ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ጎረቤት የሆነ፣ የሰዓት ማማ ያለው ሕንፃ አለ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለረጅም ዘመን የተሰበሰበው እዚያ ነው። ሚኒስትሮች የአፈጻጸም ሪፖርታቸውን ይዘው የሚቀርቡትም ለዚህ ምክር ቤት ነው።

ፓርላማ የሚባለው ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1923 የወጣው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች አቋቁሟል፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ይባሉ ነበር። ሚኒስትሮቹ ግን ተጠሪነታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ሕዝቡ እንደራሴዎቹን በድምፁ መምረጥ የጀመረውም በ1948 ከተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወዲህ ነው።

የዛሬው አሠራር መሠረት የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጠዋል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ፣ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ጉዳይ ላይ ምክር ቤቱ ይወያያል። አንቀጽ 74 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለተሠራው ሥራና ስለ ዕቅዱ በየጊዜው ሪፖርት እንዲያቀርብ ያዛል። ስለዚህ ሪፖርት ማቅረብ መሥሪያ ቤቱ ደስ ሲለው የሚያደርገው ነገር አይደለም።

ቴሌቪዥን ላይ በቀጥታ የሚተላለፈው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥያቄና መልስ ነው። ካፌ ውስጥ ሰው ማኪያቶውን ይዞ የሚከታተለው እሱን ነው። ዋናው ሥራ ግን ያለው ቋሚ ኮሚቴዎች ዘንድ ነው። ጤና ሚኒስቴርም ሆነ ሌላው መሥሪያ ቤት ለሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ ዕቅዱን ያቀርባል። ቀጥሎ የስድስት ወር፣ ከዚያ የዘጠኝ ወር ሪፖርት ይመጣል። ኮሚቴው ጥያቄ ያነሳል፣ መስክ ወጥቶ ያያል፣ ግብረ መልስ ይሰጣል። የሪፖርቱን ቋንቋ የለመደ ሰው ቃላቱን በቃሉ ያውቃቸዋል፦ «አበረታች ውጤት»፣ «አንዳንድ ክፍተቶች»፣ «በቀጣይ በትኩረት ይሠራል»። ስንት ስብሰባ ተካሄደ፣ ስንት ሰው ሠለጠነ የሚለው ገጽ ይሞላል። ውሃው ቧንቧ ላይ ደረሰ ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ጥሩ ኮሚቴ የሚለየው እዚህ ጋ ነው። መስክ ሄዶ ያየውን ይዞ ይመጣና ከወረቀቱ ጋር ያስተያየዋል።

እዚህ ላይ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ አለ፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ምክር ቤቱ ደግሞ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። የሚዘጋው መቼ ነው? ሰኔ 30! ዓመቱና ጉባኤው በአንድ ቀን ያልቃሉ ማለት ነው። የአሥራ ሁለት ወሩ ሥራ ተጠቃሎ ሲቀርብ አባላቱ እረፍት ወጥተዋል። የዘጠኝ ወሩ ሪፖርት ያን ያህል ክብደት ያገኘው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የሚዘጋጀው እስከ መጋቢት 30 ባለው ሥራ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ለማረም የቀሩት ሦስት ወራት ናቸው፤ የሚቀጥለው ዓመት በጀት የሚጸድቀውም በነዚሁ ወራት ውስጥ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ስለ ራሱ የጻፈውን በሌላ ዓይን የሚያየው ዋናው ኦዲተር ነው። በአንቀጽ 101 መሠረት በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በምክር ቤቱ ይሾማል፤ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችንና የሌሎች የፌዴራል ተቋማትን ሂሳብ መርምሮ ግኝቱን ለምክር ቤቱ ያቀርባል። የሂሳብ ኦዲት አለ፣ ሥራው በቁጠባና በውጤታማነት መሠራቱን የሚመረምር የክዋኔ ኦዲትም አለ። ግኝቶቹን በየዓመቱ የሚከታተል ሰው ያውቃቸዋል፦ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ በወቅቱ ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ፣ መመሪያ ያልተከተለ ግዥ። ችግሩ ጊዜው ነው። ኦዲቱ ያለፈውን በጀት ዓመት ነው የሚያየው። ግኝቱ ምክር ቤት ሲደርስ ገንዘቡ ወጥቶ ከርሟል፣ አንዳንዴ ኃላፊውም ተቀይሯል። «እኔ በዚያን ጊዜ አልነበርኩም» የሚለው መልስ ከዚህ የመጣ ነው። የኦዲት ግኝት ያለባቸውን ኃላፊዎች ጠርቶ የሚጠይቀው የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ነው። ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ ሰብሳቢነቱ ለተቃዋሚ ፓርቲ አባል ተሰጥቶ ነበር።

«ማን ይጠይቃል» የሚለው ጉዳይ «ማን ይጠየቃል» ከሚለው እኩል ይከብዳል። ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ 547ቱም መቀመጫዎች የተያዙት በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ነበር። በ2013 ደግሞ በሰኔው ዙር ውጤታቸው ከተገለጸ 436 መቀመጫዎች 410ሩን ብልጽግና ወስዷል። የፓርቲህን ሚኒስትር አፋጦ መያዝ ይከብዳል፤ ማይክራፎኑን ሲይዙ የሚያፋጥጡ የገዢው ፓርቲ አባላት ግን የሉም ማለት አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ሌላ አገር ደግሞ ችግሩ የሪፖርት መብዛት ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ እንደ አውሮፓውያን በ1995 ባወጣው ሕግ ብዙ ሪፖርቶችን አስቀርቷል፤ ሌሎቹ ካልታደሱ በራሳቸው እንዲቋረጡ ቀን ቆርጦላቸዋል። እኛም ዘንድ አንዱ መሥሪያ ቤት ለቋሚ ኮሚቴው ይጽፋል፣ ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር ይጽፋል፣ ስለ በጀቱ ደግሞ ለገንዘብ ሚኒስቴር ይጽፋል። የዕቅድ ክፍል ሠራተኛን መጠየቅ ነው!

የመዲናዋ ነዋሪ አንድ ነገር ቢለይ ይጠቅመዋል። አራት ኪሎ ያለው ምክር ቤት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ነው የሚጠይቀው። የከንቲባው ካቢኔና የከተማው ቢሮዎች ሪፖርት የሚያቀርቡት 138 መቀመጫ ላለው ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 መሠረት የከተማው አስተዳደር ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ ነዋሪውም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ 23 ወንበሮች አሉት። የሰፈርህ አስፋልት ጉዳይ ከሆነ መጀመሪያ የከተማውን ምክር ቤት አባል ፈልግ።